ወንበር የዘረጉ አሠልጣኞች፦ የረጅም ርቀት ሩጫ አሠልጣኝ ተጽዕኖ ከቫን ናይስ እስከ በቆጂ

ጥያቄውና መለኪያው

በረጅም ርቀት ሩጫ የውጤት መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የአትሌቱ ስም፣ አገሩና የገባበት ሰዓት ነው፤ አሠልጣኙ በመዝገቡ ውስጥ ቦታ የለውም። ለአሸናፊው ሜዳሊያ ሲጠለቅለት አሠልጣኙ ዳር ቆሞ ያያል፤ ኦሊምፒክም ለአሠልጣኝ የሚሰጠው ሜዳሊያ የለም። በዚህ ምክንያት አንድን አሠልጣኝ ተጽዕኖ ፈጣሪ የሚያሰኘው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ሲነሣ፣ ብዙ ጊዜ የሚቀናው መልስ የሠልጣኞቹን ሜዳሊያ መቁጠር ነው። ይህ መልስ ለቆጠራ ቢመችም ያሳስታል። ቀነኒሳ በቀለ በአቴንስና በቤጂንግ ኦሊምፒኮች ያገኛቸው ሦስት ወርቆች፣ በልጅነቱ በበቆጂ ላሠለጠኑት ለመምህር ስንታየሁ እሸቱ ይቆጠሩ? በወጣትነቱ ለታቀፈበት ለሙገር ሲሚንቶ ክለብ? ወይስ የብሔራዊ ቡድኑን ልምምድ ለመሩት ለወልደመስቀል ኮስትሬ? ለሦስቱም ይቆጠሩ ቢባል ድምሩ ይበዛል፤ ለአንዱ ብቻ ይሁን ቢባል ደግሞ የሁለቱ ድካም ይቀራል።

በዚህ ዳሰሳ “ተጽዕኖ” የሚለው ቃል፣ አንድ አሠልጣኝ በቀጥታ ካሠለጠናቸው ሯጮች ውጤት አልፎ በሌሎች አሠልጣኞች አሠራር፣ በስፖርቱ ተቋማትና ለመሮጥ በሚፈቀድላቸው ሰዎች ላይ የሚያመጣውን፣ እርሱ ከቦታው ከተነሣ በኋላም የሚዘልቀውን ለውጥ ያመለክታል። ለዚህ ዓይነቱ ምዘና ከአብነት ትምህርት ቤት የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። በቅኔም ሆነ በዜማ ጉባኤ ቤት የመምህሩ ክብር የሚታወቀው ራሱ ባለው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን፣ ከእግሩ ሥር ተምረው ባስመሰከሩና ወደየአገራቸው ሄደው ወንበር ዘርግተው በሚያስተምሩ ደቀ መዛሙርቱ ነው። “የእገሌ ተማሪ ነው” መባል ማዕረግ የሚሆነውም ለዚህ ነው። በሩጫም እንዲሁ ነው፤ ሜዳሊያ አሠልጣኙ ለአንድ ወቅት መሥራቱን ሲመሰክር፣ የተጽዕኖውን ልክ የሚያሳየው የተተከለው ወንበር ነው። ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ዐይንና መጽሐፍ፦ ሁለት የማስተማር መንገዶች

የሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለረጅምና ለመካከለኛ ርቀት ሁለት ትልልቅ የሥልጠና ወንበሮች የተዘረጉበት ዘመን ነው። የመጀመሪያው የሃንጋሪው ሚሃይ ኢግሎይ ወንበር ነው። ኢግሎይ በ1936 የበርሊን ኦሊምፒክ በ1,500 ሜትር የተወዳደሩ ሯጭ ሲሆኑ፣ በኋላ በቡዳፔስት የሆንቬድ ክለብ አሠልጣኝ ሆነው ሻንዶር ኢሃሮሽን፣ ኢሽትቫን ሮዣቮልጂንና ላስሎ ታቦሪን አሠልጥነዋል፤ በ1955 እነዚህ ሯጮች የመካከለኛና የረጅም ርቀት የዓለም ክብረ ወሰኖችን እየተቀባበሉ ሰብረዋል። የኢግሎይ ዘዴ መሠረቱ ኢንተርቫል ነው፤ ኢንተርቫል ማለት አጭር ርቀትን በፍጥነት ሮጦ፣ በሶምሶማ ትንፋሽ እየሰበሰቡ ያንኑ ደጋግሞ መሮጥ ነው። ሆኖም የኢግሎይን ልምምድ ከሌሎቹ የለየው ፍጥነቱ በሰከንድ ሳይሆን በስሜት መታዘዙ ነበር፤ አሠልጣኙ “ዘና ያለ”፣ “ደህና”፣ “ጠንካራ” በሚሉ ደረጃዎች ያዝዛሉ፣ ሯጩም የዕለቱን ልምምድ ሜዳ ላይ ከመድረሱ በፊት አያውቅም፣ የሚቀጥለው ድግግሞሽ የሚወሰነውም አሠልጣኙ የሯጩን አካሄድ፣ ትከሻና ፊት አይተው ነው። እንዲህ ያለው ዕውቀት በዐይን ውስጥ የሚያድር በመሆኑ ወደ ወረቀት ለመገልበጥ አይመችም፤ የሚወረሰው እንደ ቅኔ ከመምህሩ ዘንድ ከርሞ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ወንበር የኒውዚላንዱ አርተር ሊዲያርድ ነው። ሊዲያርድ በኦክላንድ ከተማ በሰፈራቸውና በአካባቢው የሚኖሩ ወጣቶችን ሰብስበው፣ የመካከለኛ ርቀት ሯጩም ሳይቀር በሳምንት እስከ 160 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ ያደርጉ ነበር። ዘዴያቸው ዓመቱን በየምዕራፉ ይከፍለዋል፦ በመጀመሪያ ጽናትን ለመገንባት ብዙ ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ ቀጥሎ ዳገት ይወጣል፣ ከዚያ ፍጥነት ይጨመራል፣ በመጨረሻም ለውድድር ሰውነት ይሳላል። በ1960 የሮም ኦሊምፒክ በአንድ ቀን፣ በመስከረም 2፣ ፒተር ስኔል በ800 ሜትር፣ መሪ ሃልበርግ ደግሞ በ5,000 ሜትር ወርቅ አገኙ። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ባሸነፈበት ማራቶንም ሦስተኛ የወጣው ባሪ መጊ የሊዲያርድ ልጅ ነበር።

የሊዲያርድ ዘዴ በቀን መቁጠሪያ ላይ የሚሰፍር በመሆኑ እርሳቸው ባልደረሱበትም ደርሷል። አሠልጣኙ በ1960ዎቹ ማብቂያ ወደ ፊንላንድ ተጠርተው ትምህርታቸውን ካካፈሉ በኋላ፣ የዚያች አገር ሯጭ ላሴ ቪረን በ1972 እና በ1976 ኦሊምፒኮች 5,000 እና 10,000 ሜትርን ደጋግሞ አሸነፈ፤ ምሩጽ ይፍጠር በሙኒክ የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘውም በዚሁ ቪረን ባሸነፈው 10,000 ሜትር ነው። በ1962 ኒውዚላንድን የጎበኙት የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ቢል ባወርማን ደግሞ ሊዲያርድ ለተራው ሕዝብ ያስጀመሩትን የሶምሶማ ሩጫ አይተው ወደ አሜሪካ አመጡት፤ ስለ ሶምሶማ በጻፉት መጽሐፍም ለሚሊዮኖች አደረሱት። ባወርማን በ1964 ከቀድሞ ተማሪያቸው ከፊል ናይት ጋር ያቋቋሙት የጫማ ንግድ በኋላ ናይኪ የተባለው ኩባንያ ነው።

ሁለቱን ወንበሮች ማነጻጸር ለዳሰሳው ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ ይሰጣል። በመጽሐፍ የሚወረስ ዘዴ ሩቅ ይሄዳል፣ ነገር ግን በየደረሰበት መልኩን ይለውጣል፤ በዐይን የሚወረስ ዘዴ ጥቂት ሰዎች ዘንድ ብቻ ይደርሳል፣ ሆኖም የደረሰበትን ሰው ከሥሩ ይለውጠዋል። አንዱ ከሌላው ይበልጣል ከማለት ይልቅ፣ አሠልጣኝ በየትኛው መንገድ እንደሚወረስ መጠየቅ ይሻላል።

የሃንጋሪው ወንበር በቫን ናይስ

በ1956 የሃንጋሪ አመፅ በሶቪየት ጦር ሲደፈጠጥ፣ ለሜልቦርን ኦሊምፒክ የሄዱት ኢግሎይና ታቦሪ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ሁለቱም በስደት ወደ አሜሪካ ሄደው ካሊፎርኒያ ገቡ፤ ኢግሎይ በሎስ አንጀለስ ትራክ ክለብ ባሠለጠኑበት ዘመን፣ ተማሪያቸው ጂም ቢቲ በየካቲት 1962 በዚያው ከተማ ቤት ውስጥ በተካሄደ ውድድር ማይልን ከአራት ደቂቃ በታች በመሮጥ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በኢግሎይ ሥር የሠለጠነው ቦብ ሹልም በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ 5,000 ሜትርን አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ ይህን የኦሊምፒክ ውድድር ያሸነፈ ሌላ አሜሪካዊ ወንድ የለም። ኢግሎይ በኋላ አሜሪካን ለቀው ሲሄዱ ዐይናቸውን የወረሱት ታቦሪ ቀሩ።

ላስሎ ታቦሪ በግንቦት 1955 ለንደን ላይ ማይልን በ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ በመሮጥ ከአራት ደቂቃ በታች የገቡ ሦስተኛው ሰው ናቸው። ወንበራቸውን የዘረጉት ሊትል ኢትዮጵያ ከሚባለው የሎስ አንጀለስ ሰፈር በስተሰሜን፣ ከሳንታ ሞኒካ ተራሮች ማዶ ባለው በሳን ፈርናንዶ ሸለቆ፣ በሎስ አንጀለስ ቫሊ ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ በ1949 በቫን ናይስ የተከፈተ፣ ለሁለት ዓመት የሚያስተምር የሕዝብ ተቋም ሲሆን፣ ለኦሊምፒክ ሯጭ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። ታቦሪ ግን በዚያ ትራክ ላይ የመምህራቸውን ዘዴ ሳይሸራርፉ አስተማሩ፤ በ1970ዎቹም የሳን ፈርናንዶ ቫሊ ትራክ ክለብ በዙሪያቸው ተሰባሰበ።

የዚህ ወንበር ትልቁ ፍሬ የታየው በሴቶች ማራቶን ነው። የቦስተን ማራቶን ሴቶችን በይፋ የተቀበለው በ1972 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በኦሊምፒክ ለሴቶች የተፈቀደው ረጅሙ ርቀት 1,500 ሜትር ብቻ ነበር። ታቦሪ ሴቶቹን ከወንዶቹ ለይተው ልምምድ አላቀለሉላቸውም። ተማሪያቸው ጃክሊን ሃንሰን በ1973 የቦስተን ማራቶንን አሸነፈች፤ በታኅሣሥ 1974 በከልቨር ሲቲ 2:43:54.5 በመግባት፣ በ1975 ደግሞ በዩጂን 2:38:19 በመሮጥ የዓለምን ምርጥ ሰዓት ሁለት ጊዜ ያዘች። ሌላዋ ተማሪያቸው ሚኪ ጎርማን ሩጫን የጀመረችው በሠላሳዎቹ ዕድሜዋ ሲሆን፣ ቦስተንን በ1974 እና በ1977፣ ኒው ዮርክን በ1976 እና በ1977 አሸንፋለች።

ሃንሰን ከመሮጥ ቀጥላ ያደረገችው የአሠልጣኝን ተጽዕኖ ከሰዓት ባሻገር ማየት ለሚፈልግ ሰው ዋና ማስረጃ ነው። ሴቶች በኦሊምፒክ ረጅም ርቀት እንዲሮጡ የሚጠይቀውን ዓለም አቀፍ የሯጮች ኮሚቴ በፕሬዚዳንትነት መራች፤ ጥያቄው እስከ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ክርክር ቢሸነፍም፣ ማራቶኑ ግን በ1984 በዚያው በሎስ አንጀለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ፣ አሸናፊዋም በ2:24:52 የገባችው ጆአን ቤኖይት ሆነች። ኢትዮጵያ በዚያ ኦሊምፒክ ባለመሳተፏ ሴት ሯጮቿ አልነበሩበትም። የሴቶች 10,000 ሜትር በ1988 ተጨመረ፤ በሁለተኛው ኦሊምፒኩም፣ በ1992 ባርሴሎና ላይ፣ ደራርቱ ቱሉ አሸንፋ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ሆነች። በ1996 አትላንታ ላይ ደግሞ ፋጡማ ሮባ በ2:26:05 የማራቶኑን ወርቅ ወሰደች። ይህ በር የተከፈተው በብዙ አገር ሴቶች ትግል እንጂ በአንድ ኮሌጅ ትራክ አይደለም፤ ቢሆንም በሩን ከገፉት እጆች መካከል ቫን ናይስ ላይ የሠለጠነ እጅ ነበረበት፣ ደራርቱና ፋጡማም በዚያ በር አልፈዋል።

በአዲስ አበባ የተዘረጉ ወንበሮች

የኢትዮጵያ የረጅም ርቀት ሥልጠና ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በ1946 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከክብር ዘበኛና ከአካል ማጎልመሻ ትምህርት ጋር በሠሩት በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን ነው። የኒስካነን አስተዋጽኦ የስካንዲኔቪያን የሜዳ ሩጫ ልምድ፣ በተለይም ፋርትሌክን፣ ከደጋው መሬት ጋር ማገናኘታቸው ነበር፤ ፋርትሌክ በሩጫ መሐል ፍጥነትን እንደ መሬቱና እንደ ስሜት መለዋወጥ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በ2:15:16.2፣ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ከአምስት ሳምንት በኋላ ደግሞ በ1964 ቶኪዮ ላይ በ2:12:11.2 አሸነፈ፤ ማሞ ወልዴም በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ ሦስተኛውን ተከታታይ የማራቶን ወርቅ ጨመረ። ከዚያ በኋላ በንጉሤ ሮባ የሚመራው ቡድን በ1980 ሞስኮ ላይ በምሩጽ ይፍጠር የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ወርቆች ሲደምቅ፣ ወንበሩ ከውጭ አገር መምህር ወደ አገር ልጅ መዛወሩ ተረጋገጠ።

ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ የዚህ ሽግግር ማሠሪያ ናቸው። በወጣትነታቸው ራሳቸው ሯጭ ነበሩ፤ የስፖርት ትምህርታቸውን የተከታተሉት ኢግሎይና ታቦሪ በወጡባት በሃንጋሪ ነው። ከዚህ ተነሥቶ የቫን ናይሱና የአዲስ አበባው ሥልጠና አንድ ነው ማለት አይቻልም፤ አገሪቱ በዕውቀት ደረጃ የምታስተምረው የሩጫ ሥልጠና ግን በሁለት አቅጣጫ፣ በስደተኛና በተማሪ፣ ወደ ሁለት አህጉራት መድረሱ የሚታይ ነው። ወልደመስቀል የብሔራዊ ቡድኑን ልምምድ በእንጦጦ ጫካ፣ በሱሉልታ ሜዳ፣ በሰንዳፋ አስፋልትና በአዲስ አበባ ስታዲየም ትራክ እያፈራረቁ፣ በሰዓት ማክበርና በጥብቅ ሥርዓት መሩ። ከባርሴሎና እስከ ቤጂንግ ባሉት ኦሊምፒኮች ደራርቱ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ፣ ፋጡማ፣ ሚሊዮን ወልዴ፣ ገዛኸኝ አበራ፣ ቀነኒሳ፣ መሠረት ደፋርና ጥሩነሽ ዲባባ ወርቅ አገኙ፤ ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽንም በ2006 በአሠልጣኝነት ሽልማቱ አከበራቸው።

ከሜዳሊያዎቹ ይልቅ የአሠልጣኙን እጅ የሚያሳየው ሯጮቹ የተሰለፉበት መንገድ ነው። በ2003 የፓሪስ የዓለም ሻምፒዮና ቀነኒሳ፣ ኃይሌና ስለሺ ስሕን በ10,000 ሜትር ከአንድ እስከ ሦስት ተከታትለው ገቡ፤ በ2005 ሄልሲንኪ ላይ ደግሞ ጥሩነሽ፣ ብርሃኔ አደሬና ደራርቱ በሴቶቹ 10,000 ሜትር ያንኑ ደገሙት። በሩጫ እርስ በርስ የሚፎካከሩ ሰዎች በአንድ ልምምድ መሐል ተራ በተራ መሪ እንዲሆኑ ማድረግ፣ ማለትም የአንዱ ጉልበት ለሌላው መነሻ እንዲሆን ማስለመድ፣ በልምምድ ወረቀት ላይ የማይጻፍ የአሠልጣኝ ሥራ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል በዚያ ቡድን ውስጥ የልምምድ ደንብ ሆኖ ነበር ማለት ይቻላል።

ወልደመስቀል በ2016 ዐረፉ። በዚያው ዓመት ኃይሌ የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ እርሱን ደራርቱ፣ ደራርቱን ደግሞ በ2024 መጨረሻ ስለሺ ተካ። ሦስት ተከታታይ የፌዴሬሽኑ መሪዎች በአንድ አሠልጣኝ ዘመን ያደጉ ሯጮች መሆናቸው፣ በጎ ውጤቱም ሆነ ጉድለቱ ወደፊት ቢመዘንም፣ ወንበሩ ከትራኩ ወደ ቢሮው መግባቱን ያሳያል።

የትምህርት ቤቱ መምህር

ከሁሉ ይልቅ ስሙ የሚዘነጋው አሠልጣኝ የመጀመሪያው ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው በአርሲዋ በቆጂ፣ የአካል ማጎልመሻ መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ከተማሪዎቻቸው መካከል ደራርቱን፣ ፋጡማን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን አሠልጥነው ለክለቦች አቀብለዋል፤ በ2012 ስለ ከተማዋ የተሠራው ዘጋቢ ፊልምም ሥራቸውን ለዓለም አሳይቷል። በኬንያዋ ኢተን በ1976 የጂኦግራፊ መምህር ሆነው የመጡት አየርላንዳዊው ብራዘር ኮልም ኦኮኔልም የሩጫ ታሪክ ሳይኖራቸው በቅዱስ ፓትሪክ ትምህርት ቤት የሻምፒዮኖች ወንበር ዘርግተዋል፤ በ2012 ለንደን ላይ 800 ሜትርን በ1:40.91 የሮጠው ዴቪድ ሩዲሻ የዚያ ወንበር ልጅ ነው። ኤርትራ ተወልዶ በስደት ሳን ዲዬጎ ያደገውን ሜብ ክፍለዝጊንም መጀመሪያ ያየው የሰባተኛ ክፍል የስፖርት መምህሩ ነው፤ ከዚያ በሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቦብ ላርሰን ተቀብለውት፣ በ2004 አቴንስ ላይ የማራቶን ብር፣ በ2009 የኒው ዮርክ፣ በ2014 ደግሞ የቦስተን ድል እስኪያገኝ አብረውት ቆይተዋል።

ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሯጮች ሲነገር ድሉን ሁሉ ለከፍታና ለተፈጥሮ መስጠት የተለመደ ነው። ከፍታ ደምን ኦክስጅን እንዲሸከም የሚረዳ መሆኑ ባይካድም፣ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ከበቆጂ እኩል ከፍ ያሉ ብዙ ከተሞች እያሉ ይህን ያህል ሻምፒዮን ከአንዲት ከተማ መውጣቱ፣ ከአየሩ ጋር የሚሠራ ሰው መኖሩን ያመለክታል። የአሠልጣኙ ሥራ ተፈጥሮን መፍጠር ሳይሆን፣ ያለውን ማየትና ወደሚቀጥለው እጅ ማቀበል ነው። በቆጂ፣ ኢተንና ቫን ናይስ የሚመሳሰሉትም በዚህ ነው፦ የሦስቱም ወንበር የተዘረጋው የሻምፒዮን ማእከል ተብሎ በተሠራ ቦታ ሳይሆን በተራ ትምህርት ቤት ነው።

ጉልበት በሚበዛበት ጊዜ

ተጽዕኖ ሁልጊዜ በጎ አይደለም። ሯጭ ሰውነቱን፣ ጊዜውን፣ አንዳንዴም ምግቡንና ዕንቅልፉን ለአሠልጣኙ ስለሚያስረክብ፣ በዚህ መታመን ውስጥ ያለው ጉልበት ሊያጠፋም ይችላል። ቻይናዊው ማ ጁንረን በ1993 በሴት ሯጮቻቸው ክብረ ወሰን ዓለምን አስደነቁ፤ በኋላ ግን የቀድሞ ሯጮቻቸው አበረታች መድኃኒት ይሰጣቸው እንደነበር የገለጹበት ደብዳቤ ታተመ። ከእነርሱ አንዷ ዋንግ ጁንሺያ በ10,000 ሜትር የያዘችውን 29:31.78 በ2016 ሪዮ ላይ አልማዝ አያና በ29:17.45 አሻሽላዋለች። በአሜሪካም የናይኪ ኦሪገን ፕሮጀክት አሠልጣኝ አልቤርቶ ሳላዛር በ2019 የአበረታች መድኃኒት ደንብ በመጣስ ለአራት ዓመት ታግደዋል፤ ፕሮጀክቱም በዚያው ዓመት ተዘግቷል። ኢግሎይን ያስከበረው የአሠልጣኝ ዐይን፣ ተማሪው መጠየቅ በማይችልበት ጊዜ፣ ወደ ጌትነት ለመለወጥ አንድ እርምጃ ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ ተማሪው አንድ ቀን ራሱን ችሎ እንዲወስን የሚያበቃው አሠልጣኝ፣ ዘወትር ጥገኛ አድርጎ ከሚያስቀረው ይበልጣል።

የዛሬው ፈተና

የዘመኑ አሠልጣኝ የሚሠራበት ዓለም ከወልደመስቀል ዘመን ይለያል። ሯጩ በአሁኑ ጊዜ ክለብ፣ ማናጀር፣ የጫማ ኩባንያና አሯሯጭ አለው፤ ትልልቆቹ የማራቶን ቡድኖችም ከብሔራዊ ቡድኑ ውጭ በግል አሠልጣኞች ይመራሉ። ከነዚህ መካከል ገመዱ ደደፎ ያሠለጠኗት ትዕግሥት አሰፋ በሪዮ ኦሊምፒክ የ800 ሜትር ተወዳዳሪ ነበረች፤ በመስከረም 2023 በርሊን ላይ ግን ማራቶንን በ2:11:53 ሮጣ የሴቶቹን ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ አሻሻለች። የሮጠችበት ጫማ ቀላልነት ብዙ አነጋግሯል፤ ይሁንና የ800 ሜትር ሯጭ ውስጥ የማራቶን ሯጭ ማየት የጫማ ሥራ አይደለም።

በኢትዮጵያ የተከማቸው የሥልጠና ዕውቀት በአብዛኛው በቃልና አብሮ በመሮጥ የሚተላለፍ መሆኑ፣ ወደ ኢግሎይ ወገን ያደላ ያደርገዋል። በዚህ መንገድ የሚወረስ ዕውቀት ጥልቅ ነው፤ ሆኖም ወራሹ ሲታጣ አብሮ ይቀበራል። ሊዲያርድ በመጽሐፍ፣ ታቦሪ በተማሪ ያስተላለፉትን ያህል የኢትዮጵያ አሠልጣኞችም በሁለቱም መንገድ ቢያስተላልፉ፣ ልጆቻቸው በአዲስ አበባ ብቻ ሳይሆን በስደት ባሉባቸው ከተሞችም ወንበር መዘርጋት በቻሉ ነበር። ሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ውስጥ የሚማር የኢትዮጵያውያን ልጅ በመጀመሪያ የሚያገኘው አሠልጣኝ፣ በበቆጂ እንደነበረው ሁሉ፣ የትምህርት ቤቱ መምህር ነው።

እንግዲህ ዳሰሳው የሚያደርሰው መደምደሚያ ይህ ነው፦ የረጅም ርቀት አሠልጣኝን ተጽዕኖ ለመመዘን፣ ሯጮቹ ያሸነፉበትን ቀን ሳይሆን እርሱ በሜዳው ያልተገኘበትን ቀን መመልከት ይገባል። ታቦሪ በ2018 በሎስ አንጀለስ ሲያርፉ ከመምህራቸው የወረሱት ልምምድ በተማሪዎቻቸው እግር ይሮጥ ነበር፤ የሴቶች ማራቶንም በየኦሊምፒኩ የሚጠበቅ ውድድር ከሆነ ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖት ነበር።